ለግብር ባለሙያው «አመሰግናለሁ» ካላችሁ በኋላ

ሁለት አገር የሚነካ የግብር ጥያቄ ኖሯችሁ አንድ ባለሙያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ቢመልስላችሁ፣ በ«አመሰግናለሁ» ብቻ አትለፉት። ግብራችሁን አሳውቃችሁ ስትጨርሱ ተመለሱና ውጤቱን ጻፉለት። አራት መስመር ይበቃል፦ የሁለቱ አገሮች ስም፣ የግብር ዘመኑ፣ የተጠቀማችሁበት የሁለቱ አገሮች የግብር ስምምነት አንቀጽ፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መቀበል አለመቀበሉ።

ለምን መሰላችሁ? ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነቶች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አገሮች መካከል የሚፈረሙ ናቸው። ብዙዎቹ የኦኢሲዲን (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን) የስምምነት ሞዴል ይከተላሉ፤ ቃል በቃል ግን አይደለም። የ183 ቀኑን ደንብ ውሰዱት፦ ሌላ አገር ሄዶ የሠራ ተቀጣሪ እዚያ የቆየው ከ183 ቀን ካልበለጠ፣ ሌሎች ሁኔታዎችም ከተሟሉ፣ ለደመወዙ በዚያ አገር ግብር አይከፍልም። አሁን ባለው ሞዴል አንቀጽ 15 ላይ ቀኖቹ የሚቆጠሩት በማንኛውም የ12 ወር ጊዜ ውስጥ ነው። አንዳንድ የቆዩ ስምምነቶች ግን በግብር ዓመቱ ውስጥ ያሉትን ብቻ ይቆጥራሉ። በዚህች ልዩነት ብቻ ደመወዛችሁ የሠራችሁበት አገር ግብር ውስጥ ሊገባ ወይም ሊወጣ ይችላል።

ባለሙያው አንቀጹን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በተግባር ምን እንደተፈጠረ የምትነግሩት ግን እናንተ ናችሁ። ነገ በዚያው ሁለት አገር መካከል የሚቸገር ሰው ሲመጣ፣ መልሱ በእናንተ ውጤት የተፈተነ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ አምሽተው፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ ነው የሚያስረዱን። ልፋታቸው ፍሬ ማፍራቱን ማወቅ ይገባቸዋል።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ግን በፍጹም እንዳትጽፉ። ጉዳያችሁ በኦዲት ወይም በይግባኝ ላይ ከሆነም እስኪዘጋ ቆዩ።