ከእኩዮቹ ቀድሞ ማንበብ የቻለን ልጅ በቤትና በትምህርት ቤት እንዴት እንደግፈው?

አንድ ልጅ እኩዮቹ ገና ፊደል እየቆጠሩ ሳለ ረዘም ያለ ታሪክ ያለ ማንም እገዛ አንብቦ መጨረስ ከቻለ፣ ወላጁ ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ልጁ ያነበበውን ምን ያህል እንደተረዳ ነው። ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዱት፣ አንብቦ መረዳት የተጻፈን ቃል ለይቶ የማወቅና የሰሙትን ንግግር የመረዳት ችሎታዎች ተጣምረው የሚያስገኙት ውጤት ስለሆነ፣ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ «ምን ሆነ?» ከሚለው ጥያቄ አለፍ ብሎ «እንዲህ ያደረገችው ለምን ይመስልሃል? ይህንንስ ከምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልጁ ቃላቱን ሁሉ አጥርቶ እያነበበ ቀላል ታሪክ እንኳ በራሱ አንደበት መተረክ ካቃተውና ከሰው ጋር መግባባትም የሚያስቸግረው ከሆነ፣ የሕፃናት እድገት ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ሲመረጥ የንባብ ደረጃ ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይገባም። የ7 ዓመት ልጅ ለ13 ዓመት ልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ ማንበብ ቢችልም፣ በውስጡ ያለውን ጭካኔና ሐዘን የሚሸከመው በ7 ዓመት ልጅ ልብ ነው። በእኔ እምነት ይህን ችግር ከሁሉ በተሻለ የሚያቃልሉት ስለ እንስሳት፣ ስለ ጠፈር፣ ስለ ሰው አካልና ስለ ማሽኖች አሠራር የሚያስረዱ መጻሕፍት ናቸው፤ ቋንቋቸው ጠጠር ያለ፣ ዕውቀታቸውም ጥልቅ ሊሆን ይችላል እንጂ ስሜቱን ከአቅሙ በላይ አያስጨንቁትም። ሥዕል የበዛበትን ቀላል መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ ሲያምረውም «ይህማ የትንንሾች ነው» ተብሎ ሊነጠቅ አይገባም።

ራሱን ችሎ ያነባል ተብሎ አዋቂ ለእርሱ ጮክ ብሎ ማንበቡን ማቆም የለበትም። በዓይኑ ብቻ የሚያውቃቸው ቃላት የት ላይ እንደሚጠብቁና እንደሚላሉ ፊደሉ አይነግረውምና፣ ይህን የሚማረው ከአዋቂ አንደበት ነው። በእንግዳ ፊት «እስቲ አንብብላቸው» እያሉ ማስጨነቅ ግን ንባብን ከደስታ ወደ ፈተና ይለውጥበታል።

በትምህርት ቤት በኩል፣ ወላጅ «ልጄ ጎበዝ ነው» ከማለት ይልቅ ልጁ በቅርቡ ያነበባቸውን መጻሕፍት ዝርዝርና በእጁ የጻፈውን ገጽ ይዞ መምህሩን ቢያነጋግር የተሻለ ይደመጣል። መጠየቅ ያለበትም ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን ምትክ ሥራ ነው፤ የሚያውቀውን መልመጃ በጨረሰ ቁጥር ሌላ ተመሳሳይ መልመጃ የሚታከልበት ልጅ፣ ፈጥኖ መጨረስ እንደሚያስቀጣ ይማራል። በንባብ ክፍለ ጊዜ ከፍ ካለ ክፍል ጋር እንዲማር ወይም በመረጠው ርእስ ላይ አንብቦ ለክፍሉ እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። ዘወትር የጓደኞቹ አስጠኚ ማድረግ ግን የራሱን የመማሪያ ጊዜ መውሰድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጽሕፈት ነው። የእጅ ቅልጥፍና የንባብን ያህል ፈጥኖ ስለማይዳብር፣ ሰፊ ሐሳብ ያለው ልጅ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ሊያቆም ይችላል። ይህን እንደ ስንፍና ከመቁጠር ይልቅ አንዳንዱን መልስ በቃል እንዲሰጥ፣ ረዘም ያለውንም እየተናገረ አዋቂ እንዲጽፍለት ከመምህሩ ጋር መስማማት፣ የእጅ ጽሕፈቱን ልምምድ ግን ከእኩዮቹ ጋር እንዲቀጥል ማድረግ ይገባል።