የሶኬት ሳጥን ሲጠብ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሶኬቱን ወደ ሳጥኑ መልሰው ብሎኖቹን ሲያጠብቁ ሽቦዎቹ ወደ ውጭ እየገፉ የሚያስቸግሩ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሳጥኑ ጥበት ነው። በኃይል ማጥበቅ ሶኬቱን ከግድግዳው ጋር ቢያስተካክለውም፣ ከጀርባው ግን የሽቦው ልባስ በሳጥኑ ጠርዝ ሊፋቅ፣ የታሰረው ጫፍም ሊላላ ይችላል። የላላ ማሰሪያ ጭነት ሲበዛበት ይሞቃል፤ ሙቀቱም ልባሱን እያደረቀ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሶኬቱ የሚሞቅ፣ የሚጠቁር ወይም የመቃጠል ሽታ የሚያመጣ ከሆነ በመጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጦ፣ ማሰሪያዎቹን መፈተሽና ሳጥኑ ለያዛቸው ሽቦዎች መብቃቱን ማስላት ይገባል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ቢሆንም ብዙዎች በዓይን ግምት ያልፉታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በአንቀጽ 314.16 እንደሚደነግገው፣ ከውጭ ወደ ሳጥኑ ገብቶ የሚያበቃ ወይም የሚቀጠል እያንዳንዱ የፌዝ ወይም የኒውትራል ሽቦ 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ ሳይቆረጥ የሚያልፍ ሽቦም እንዲሁ 1 ነው። የኤርዝ ሽቦዎች እስከ 4 ድረስ በአንድነት 1፣ በሳጥኑ ውስጥ ያሉ የኬብል መያዣዎች በሙሉ 1፣ ሶኬቱ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ 2 ሆነው ይታሰባሉ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ባለ 14 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ሽቦ 2.0፣ ባለ 12 ጌጅ 2.25፣ ባለ 10 ጌጅ 2.5 ኪዩቢክ ኢንች ቦታ ይፈልጋል።

ለምሳሌ አንድ ሶኬት ባለ 12 ጌጅ ገቢና ወጪ ኬብል አለው እንበል። 4 ፌዝና ኒውትራል፣ 1 ለኤርዝ፣ 1 ለመያዣዎች፣ 2 ለሶኬቱ ሲደመሩ 8 ይሆናሉ፤ በ2.25 ሲባዙም ልክ 18 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 295 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ስፋቱ 3 በ2፣ ጥልቀቱ 2¾ ኢንች የሆነው የተለመደው የብረት ሳጥን የሚይዘው 14 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ ጥልቀቱ 3½ ኢንች የሆነው ግን 18 ስለሚይዝ ይበቃል። ሦስተኛ ኬብል ቢጨመር 22.5 ስለሚደርስ ይህኛውም ያንሳል። የፕላስቲክ ሳጥን ይዘቱ ውስጡ ላይ ታትሞ ይገኛል።

የሽቦ ማያያዣ ክዳኖች በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም፣ ነገር ግን ቦታ ይይዛሉ፤ ራሱን የሚያጠፋ የደህንነት ሶኬትም ቢሆን በስሌቱ 2 ብቻ ይቆጠር እንጂ ከተራ ሶኬት ይወፍራል። በመሆኑም ስሌቱ ከሳጥኑ መጠን ጋር እኩል ሲመጣ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን መግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ሥራው በሚከናወንበት ቦታ ያለውን መከተል ግድ ነው።

መፍትሄው ሳጥኑን ጥልቀት ባለው መቀየር፣ ይህ ካልተቻለ በሳጥኑ አፍ ላይ የሚገጠም፣ መጠኑ የታተመበት የማራዘሚያ ፍሬም መጨመር፣ ወይም ቅጥያዎቹን ግድግዳ ሳይፈርስ ሊከፈት ወደሚችል ሌላ ሳጥን ማዛወር ነው። ቦታ ለማግኘት ሲባል የኤርዝ ሽቦን ቆርጦ ማስወገድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሌሎቹንም ማሳጠር የለብንም፣ ኮዱ ወደ ሳጥኑ ከገቡበት ቦታ ቢያንስ 6 ኢንች ወይም 150 ሚሊ ሜትር ነፃ ርዝመት ይጠይቃልና።

ብሎኑ ሲጠብቅ ሶኬቱ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ችግሩ ጥበት ሳይሆን የሳጥኑ አቀማመጥ ነው። በማይቃጠል ግድግዳ የሳጥኑ አፍ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ኋላ መቅረት የለበትም፤ በእንጨት ግድግዳ ላይ ደግሞ ከገጹ ጋር እኩል መሆን ወይም ወጣ ማለት አለበት። ይህንንም የማራዘሚያ ፍሬም ያስተካክለዋል።