የሻወር ቤት ስፖት ላይት መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው ሚገጠመው

ብዙ ሰው ስፖቶቹን ገዝቶ ነው ሚጀምረው፣ ከዛ ኮርኒሱ ላይ በእኩል በእኩል ይደረድራቸዋል፣ ሲበራ ቤቱ ያምራል ግን መስታወት ፊት ሲቆም አይኑ ስር ጥላ አገጩ ስር ጨለማ ይሆንበታል። ስለዚ እባካችሁ አንድም ቀዳዳ ሳትበሱ ክፍሉን ለኩና ወረቀት ላይ ሳሉት፣ በሩን፣ ሲንኩን፣ መስታወቱን፣ ሻወሩን በሙሉ።

የመስታወቱን መብራት ነው ቀድማችሁ ምትወስኑት። ከአናታችሁ በላይ ወይ ከኋላችሁ ከሆነ ራሳችሁ ፊታችሁን ትጋርዳላችሁ። ከመስታወቱ ግድግዳ 30 ወይ 40 ሳንቲም ገደማ ወጣ ብሎ፣ መሀል ላይ አንድ ከሚሆን ግራና ቀኝ ሁለት ቢሆን ፊት በደንብ ይበራል። ከቻላችሁ ደሞ መስታወቱ ጎንና ጎን የግድግዳ መብራት ጨምሩ፣ ለመላጨትም ለሜካፕም ከኮርኒስ መብራት ይሻላል።

ለቀሪው ክፍል ሂሳቡ ቀላል ነው፣ በሁለት ስፖት መሀል ያለውን ርቀት ግማሹን ከግድግዳ ታርቃላችሁ። ክፍሉ 1.80 በ2.40 ሜትር ከሆነና 4 ስፖት ከፈለጋችሁ፣ ባጭሩ በኩል ከግድግዳ 45 መሀላቸው 90 ሳንቲም፣ በረጅሙ ከግድግዳ 60 መሀላቸው 120 ይመጣል። መነሻ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ሁለቱን ወደ መስታወቱ ብታስጠጉ ምንም አይልም። ስትገዙ ዋቱን ሳይሆን ሉመኑን (ሚሰጠውን የብርሃን መጠን) እዩ፣ ለዚህ ስፋት እያንዳንዱ 500 አካባቢ ከሰጠ ይበቃል። ከለሩ 3000 ኬልቪን ሞቅ ያለ ነው 4000 ነጣ ይላል፣ የወደዳችሁትን ውሰዱ ግን ሁሉም አንድ አይነት ይሁኑ።

አሁን ውሃው። በአለም አቀፉ ስታንዳርድ ሻወር ቤት ለውሃ ባለው ቅርበት በዞን ይከፈላል፣ ከገንዳው ወይ ከሻወሩ በላይ ከወለል እስከ 2.25 ሜትር ዞን 1 ነው፣ ከሱ ወደ ጎን 60 ሳንቲም ድረስ ደሞ ዞን 2። አይፒ ማለት መብራቱ አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል ሚያሳይ ቁጥር ነው፣ አይፒ 44 ሚባለው ፍንጣቂ ይችላል፣ አይፒ 65 ግን በግፊት ሚረጨውንም ውሃ ይችላል። እኔ ምመክረው ኮርኒሱ ከ2.25 በላይ ቢሆንም ሻወሩ አናት ላይ 65 ግጠሙ፣ እንፋሎት ዞን አያውቅም። ብዙ ስፖት ላይ ደሞ 65 ተብሎ ሚጻፈው ለፊቱ ብቻ ነው ጀርባው ክፍት ነው፣ ስለዚ ጎማው ኮርኒሱ ላይ ልክ ካልተቀመጠ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ወደ ስራ ስትገቡ ብሬከሩን አጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው አድርጉ፣ ቴስተራችሁን መጀመሪያ መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ሞክሩትና ከዛ ምትነኩት ገመድ ላይ። የኮርኒሱን ውስጥ ለማወቅ ምልክታችሁ መሀል ላይ ትንሽዬ ቀዳዳ ብሱና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብታችሁ ዙሪያውን አዙሩት፣ ብረት ወይ ቱቦ ከነካ እዛ ጋር ትልቁን ቀዳዳ ሳትበሱ ጥቂት ሳንቲም ፈቀቅ በሉ። ጂብሰም ሲሆን ቁራጭ ላይ አንዴ በስታችሁ ስፖቱን ሞክሩበት፣ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይኖራል፣ ትልቁ የውጪው ፍሬም ነው ምትበሱት በትንሹ ነው፣ እዚህ የተሳሳተ ቀዳዳ አይጠብም።

ገመዱ ለመብራት 1.5 ካሬ ይሆናል፣ ስፖቶቹ ሁሉ በፓራለል (እያንዳንዱ ለብቻው ከዋናው መስመር ሁለት ገመዶች) ነው ሚታሰሩት፣ መገናኛው ደሞ በቴፕ ሳይሆን ክዳን ባለው ጀንክሽን ሳጥን ውስጥ ይሁን። የኧርዝ ምልክት ካለው አረንጓዴ ቢጫውን ሳታስሩ አትዝጉት። ከላይ ፋይበር ምናምን ካለ ድራይቨሩን (ለስፖቱ ኤሌክትሪኩን ሚቀይርለትን ትንሽ ሳጥን) እንዳይሸፍነው አርቁት፣ ሙቀት ነው ቶሎ ሚገድለው። ሲገባ ሁለቱን ስፕሪንግ ወደ ላይ አጥፋችሁ ያዙና ግፉት፣ በጣም ጠንካራ ስለሆኑ ጣታችሁን ጠብቁ። ማብሪያ ማጥፊያው ከበር ውጪ ቢሆን ይመረጣል።

ይሄ ሁሉ መስመር 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው መስመሩን ሚያጠፋ መሳሪያ) ስር መሆን አለበት፣ ገመድ ማሰር ያልለመደ ሰው ደሞ ይሄንን ክፍል ለኤሌክትሪሺያን ይተው። መብራቱን ስትመልሱ የአርሲዲውን ቴስት ቁልፍ ተጫኑት፣ ወዲያው ካልወረደ ስፖቶቹ በሙሉ ቢበሩም ባለሙያ ሳያየው ሻወር ቤቱን አትጠቀሙበት።