የመኪናችሁ በር ሁለቴ ቀጭ ይላል? የበር ሎክና እጀታ እንዴት እንደሚፈተሽና እንደሚስተካከል

ባለፈው ክረምት መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ወደ ቤታችን እየሄድን ቱሉ ዲምቱ አደባባይን ስዞር የኋላ ቀኝ በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ልጄ በዛ በኩል ነበር የተቀመጠችው፣ 7 ዓመቷ ነው፣ አክስቷ የጃኬቷን ኮሌታ ጨብጣ ባትስባት ኖሮ የሚሆነውን እስካሁን ማሰብ አልችልም። እግሯ ስር የነበረው የብርቱካን ፌስታል ተንሸራቶ ወጣና ብርቱካኑ አስፋልቱ ላይ ተበተነ፣ ከኋላችን ይመጣ የነበረው ሲኖትራክ በላዩ ላይ ሄደበት። ቀበቶ አላሰረችም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከዛ ቀን ወዲህ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሳያስር መኪናውን አላስነሳም።

በሩ እኮ ለወራት ምልክት ሲሰጠኝ ነበር። አንዳንዴ ሁለት ሶስቴ ካልተዘጋ አይዝም፣ ኮብል ላይ ስንሄድ ዳሽቦርዱ ላይ የበሩ መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እኔም ሞተሩ ይሰራል ፍሬኑ ይይዛል በሩ ይደርሳል እያልኩ አሳለፍኩት። አሁን ራሴ ፈትቼ ሰርቼዋለሁ፣ የጎረቤት መኪኖችም ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አሰራሩን እንየው። በሩን ከፍታችሁ ጠርዙን ስታዩ መንጋጋ የመሰለች የምትዞር ብረት አለች። በሩ የሚያርፍበት የቦዲው ቋሚ ላይ ደግሞ ቀለበት የሚመስል ወፍራም ብረት ታስሯል። በሩ ሲዘጋ ቀለበቱ መንጋጋዋን ገፍቶ ያዞራታል፣ እሷም ታቅፈዋለች፣ ከዛ ከጎኗ ያለች በሞላ የምትገፋ ትንሽ ጥርስ ወደኋላ እንዳትመለስ ቀጥ አርጋ ትይዛታለች። ጥርሷ የምትይዝበት ቦታ ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀጭ ግማሽ ነው፣ ሁለተኛው ቀጭ ነው ሙሉው። ግማሹ ላይ የቀረ በር ከሩቅ ስታዩት የተዘጋ ይመስላል፣ ከቦዲው ግን ትንሽ ወጣ ብሎ ይቆማል።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የተባበሩት መንግስታት ዓለም አቀፍ የበር ሎክ ደንብ ሙሉ የተቆለፈ ሎክ 11,000 ኒውተን እንዲችል ይጠይቃል፣ ግማሽ ላይ ላለው ግን 4,500 ብቻ ነው የሚጠይቀው። በኛ ቋንቋ አንዱ 11 ኩንታል ተንጠልጥሎበት መቻል አለበት ሌላው አራት ኩንታል ተኩል ገደማ። ይሄ ደግሞ አዲስ ሎክ ላይ የሚፈለግ ነው፣ ሃያ ሰላሳ ዓመት አቧራ የበላው ላይ አይደለም።

እና እኛ ሀገር አንድ ልማድ አለ። መኪና ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "በሩን ቀስ!" የሚል ነው፣ ጠንከር አርጎ የዘጋ ሰው በሹፌሩ ይገላመጣል፣ ስለዚህ ሁላችንም በሩን በመዳፋችን ገፋ አርገን እንተወዋለን፣ ይሄ ነው ግማሽ ላይ የሚያስቀረው። ደህና የሆነ ሎክ በኃይል መዝጋት አያስፈልገውም ግን አንድ ክንድ ያህል ከፍታችሁ በአንድ ምት መዝጋት አለባችሁ። ቀስ ብሎ በመግፋት አይሆንም። በሩ በኃይል ካልተዘጋ አልይዝ ካለ ደግሞ ችግሩ ተሳፋሪው ጋር ሳይሆን በሩ ጋር ነው።

አደባባይ ላይ የቀኝ በር የሚከፈተው ለምንድነው ላላችሁ፣ አደባባይ የምንዞረው ወደ ግራ ነው፣ ሰውነታችን ደግሞ ወደ ቀኝ ይጣላል፣ የተደገፈ ሰው በሙሉ ክብደቱ በሩን ይገፋዋል። እየነዳችሁ በር ከተከፈተ እጃችሁን ዘርግታችሁ ለመያዝ አትሞክሩ፣ መሪውንም ድንገት አታዙሩ፣ በዛ በኩል ያለውን ሰው ወደ መሀል እንዲጠጋ እየነገራችሁ ፍሬን ቀስ በቀስ ይዛችሁ ዳር ውጡ። ጋራዥ እስክትደርሱ በዛ በር በኩል ማንም አይቀመጥ። በገመድ አስሮ መሄድ የተለመደ ነው አውቃለሁ፣ ግን የታሰረ በር በአደጋ ጊዜ ከውጭ ሊያወጣ የመጣ ሰውም አይከፍተውም።

አሁን ወደ ፍተሻው። በሩን ክፈቱና በካቻቢቴ መንጋጋዋን እንደ ቀለበቱ ሆናችሁ ወደ ውስጥ ግፏት። ሁለት ጊዜ ጥርት ያለ ቀጭ መስማት አለባችሁ። ከዛ ካቻቢቴውን ወደ መውጫው አቅጣጫ ጫን በሉት፣ ንቅንቅ ማለት የለባትም። ከዛ የውጩን እጀታ ሳቡ፣ ፈጥና ተፈናጥራ መመለስ አለባት። እንደገና ግፏትና በውስጡ እጀታ ድገሙት። ተጠንቀቁ፣ መንጋጋዋ እንደተቆለፈች በሩን እንዳትዘጉት፣ ቀለበቱ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱንም ይጎዳል፣ ሁሌም በእጀታው ከፍታችሁ ነው የምትዘጉት። አራቱም በር ላይ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ መኪናዋን ባጠብኩ ቁጥር አደርገዋለሁ።

ቀስ ብላ የምትመለስ ከሆነ ወይ ሁለተኛው ቀጭ ካልተሰማ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ግሪስና አቧራ ነው። እንደኛ ሰፈር ዋናው መንገድ አስፋልት ውስጥ ውስጡ አፈርና ኮብል የሆነበት ቦታ የሚኖር ሰው ይሄን አይስተውም፣ በበጋ አቧራው ይገባል በክረምት ዝናቡ ያረጥበዋል፣ ከዛ ጭቃው ግሪሱ ላይ ይደርቃል። ደብሊውዲ ፎርቲ ወይ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነፍታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ጥቁሩ ውሃ ነጭ እስኪሆን ድገሙት፣ መንጋጋዋንና ጥርሷን በካቻቢቴ እያንቀሳቀሳችሁ። ሲደርቅ ነጭ ግሪስ ትንሽ ቀቡት። ማጽጃው ብቻውን አይበቃም፣ ከቀናት በኋላ ደረቅ ብረት ይሆናል። የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፣ አቧራ ይሰበስባልና አልመክርም። ቤንዚን ደግሞ ሎኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ስዊች ስላለ ጭራሽ አታስጠጉ።

ከውጭ አልከፍት ብሎ ከውስጥ የሚከፍት ከሆነ ሎኩ ደህና ነው ማለት ነው፣ የተበላሸው እጀታው ወይ ከእጀታው ወደ ሎኩ የሚወርደው ቀጭን ዘንግ ነው። ዘንጉን የምትይዘው ጥፍር የምታክል የፕላስቲክ ክሊፕስ ስትሰበር እጀታው ባዶውን ይሳባል፣ ክብደት የለውም። ከውስጥ አልከፍት ካለ ደግሞ መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት የኋላ በር ከሆነ ልጆች ከውስጥ እንዳይከፍቱ የሚያግደውን ቻይልድ ሎክ እዩ፣ በሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ማንሻ ናት፣ መኪና ሲታጠብ ሳይታወቅ ትነካለች። እሷ ካልሆነች የውስጥ ካቦ ተበጥሷል ወይ ከመያዣው ወጥቷል። ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ ምክንያቱም ሰው ይለምደዋል፣ መስኮት አውርዶ እጁን አውጥቶ ከውጭ ይከፍታል፣ ዓመት እንደዛ የሚሄድ አለ። ፓወር ዊንዶው ሆኖ ግጭት ላይ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ግን መስኮቱም አይወርድም።

ከሁለቱም በኩል አልከፍት ካለ አንድ ሰው በሩን በጉልበቱ ወደ ውስጥ ገፋ አርጎ ይያዝ ሌላው እጀታውን ይሳብ፣ ግፊቱ ጥርሷ ላይ ያለውን ጭነት ስለሚያቀል ብዙ ጊዜ ይለቃል። ሴንትራል ሎክ ካለው እየቆለፋችሁ እየከፈታችሁ ሞክሩ። እጀታውን በኃይል አትገንጥሉት፣ ያኔ ሁለት ስራ ይሆናል።

ዘንጉና ካቦው ጋር ለመድረስ የበሩን የውስጥ ሽፋን ማለትም ፓኔሉን መፍታት አለባችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ይሻላል፣ ጠዋት በብርድ ፕላስቲኩ ይሰበራል። መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አድርጉት። ቡሎኖቹ ከውስጥ እጀታው ጀርባና ከክንድ ማሳረፊያው ስር ተደብቀው ነው የሚገኙት። በእጅ የሚዞር መስኮት ከሆነ ማዞሪያውን የያዘችው የሽቦ ሞላ ታስቸግራለች፣ ዘዴው ቀላል ነው፣ ጨርቅ በማዞሪያውና በፓኔሉ መሀል አስገብታችሁ ጫማ እንደሚጠርግ ሰው ወዲያና ወዲህ ሳቡት፣ ጨርቁ የሞላዋን ጫፍ ይዞ ያስፈነጥራታል፣ በሌላ እጃችሁ ሸፈን አርጉ አለበለዚያ ሳር ውስጥ ፍለጋ ነው። ከዛ ፓኔሉን ከስር ጀምራችሁ በእጅ እየነቀላችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከኋላው የተለጠፈውን ላስቲክ አትቅደዱት፣ የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ጓንት አድርጉ። በሩ ላይ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት።

ክሊፕሱን በሽቦ መጠምዘዝ እስከ ጋራዥ ያደርሳል እንጂ ጥገና አይደለም፣ ሽቦው ይላላል። አዲስ ክሊፕስ ስታስገቡ ወይ ዘንጉን በዳዶው ስታስተካክሉ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እጀታው ላይ አንድ ሁለት ሚሊሜትር የላላ ጨዋታ ይኑር። ቶሎ ይክፈት ብሎ ጥብቅ የሚያደርግ ሰው አለ፣ ያኔ ዘንጉ ጥርሷን ሁልጊዜ ትንሽ ስቦ ይይዛታል፣ ሙሉ አትገባም፣ ጉድጓድ ስትመቱ በሩ ይከፈታል። የኔ መኪና ላይ የሆነው ይሄ ነበር፣ ከዛ በፊት እጀታውን የቀየረልኝ ሰው ዘንጉን ወጥሮት ነበር የሄደው፣ አቧራው ደግሞ ጨመረበት።

በሩ ሲዘጋ ከፍ ወይ ዝቅ እያለ ቀለበቱን የሚገጭ ከሆነ ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሱት፣ ከተንገጫገጨ ማጠፊያው አልቋል፣ ባትላሜራ ጋር ውሰዱት። ማጠፊያው ደህና ከሆነ ቀለበቱን ነው የምታስተካክሉት፣ መጀመሪያ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ፣ ቡሎኖቹን ላላ አድርጉ፣ ሚሊሜትር ሚሊሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ፣ ከዛ በደንብ አጥብቁ። በዛውም በሩ ስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ክፈቱ፣ በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው እዛው ይቀራል።

ሎኩ ራሱ ካለቀ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ትገኛለች፣ ግን የግራና የቀኝ የፊትና የኋላ ስለሚለያይ አሮጌውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሶኬቱንና የዘንግ ቀዳዳዎቹን አመሳክሩ፣ እዛው ሻጩ ፊት በካቻቢቴ ሁለቴ ቀጭ አስብሉት። ሞላው የደከመ ከሆነ ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ሚኒባስ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ የተንሸራታች በሩ የውስጥ እጀታ ወልቆ ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ብቻ የሚከፍተው ከሆነ እባካችሁ አሰሩት። ረዳቱ ቢጎዳ ወይ መኪናው በዛ ጎኑ ቢወድቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ነው ያለው።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ሰፈራችን እየሞላ ነው፣ ከነሱ ውስጥ በር በኤሌክትሪክ የሚከፍቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ቮልስዋገን አሜሪካ ውስጥ ከ98,000 በላይ አይዲ ፎር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለጥገና የጠራው የበር እጀታው ውስጥ ውሃ ገብቶ በሩ በራሱ ሊከፈት ስለሚችል ነው። ቻይናም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚፈቀዱ የመኪና ሞዴሎች ከውስጥም ከውጭም በእጅ የሚሰራ መክፈቻ እንዲኖራቸው አዛለች። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም በሩ ላይከፍት ይችላል። ባለፈው እሁድ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር የሱን የኤሌክትሪክ መኪና የእጅ መክፈቻ ስንፈልግ ቆየን፣ የፊት በሮቹ ላይ የእጅ መሳቢያው ከእጀታው ስር ነበር፣ የኋላው ግን ከበሩ ኪስ ውስጥ በሽፋን ተከድኖ ነው ያገኘነው፣ አንድ ዓመት ሲነዳ አያውቀውም ነበር። ሪሞቱ ውስጥም የብረት ቁልፍ ተሰክታ አለች፣ ቀዳዳው የሾፌሩ በር እጀታ ጫፍ ላይ ካለው ክዳን ስር ነው። ሽፋኑን አንስተን ልጆቹን አንድ በአንድ ከኋላ አስቀምጠን ራሳቸው ስበው እንዲከፍቱ አደረግን፣ ትንሹ አቅም አልነበረውም፣ ስለዚህ ከትልቋ እህቱ አጠገብ እንዲቀመጥ ተስማሙ።