የሠዓሊን የዘይት ቀለም ጥናት ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዴቪድ ዊልኪ የስኮትላንድ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1785 ፋይፍ ውስጥ ተወለደ። ተራውን ሰው በገበያ፣ በሠርግ፣ በመጠጥ ቤት ደጃፍ እንዳለ ይሥል ነበር። ትልልቅ ሥዕሎቹን ከመጀመሩ በፊት በዘይት ቀለም ይሞክራቸው ነበር። እነዚህን ጥናቶች በጣም ነው የምወዳቸው። ሰው ግን ወይ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል፣ ወይ አይቷቸው ይሳሳታል።

«ሳይጨርሰው የተወው ነው» ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጥናት ላይ አንድ ፊት በሁለት የብሩሽ ጭረት ሊያልቅ ይችላል፤ እጁም ጣት ላይኖረው ይችላል። ሠዓሊው እዚህ ጋ የሚያስጨንቀው ጣት አይደለም። ብርሃኑ ከየት ይምጣ፣ ማን ከማን ፊት ይቁም፣ ዓይናችን መጀመሪያ የት ላይ ይረፍ የሚለው ነው። በ1816 የዌሊንግተን መስፍን፣ ማለትም ዋተርሉ በተባለው ጦርነት ናፖሊዮንን ያሸነፈው የብሪታንያ ጦር አዛዥ፣ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የሚጫወቱ አሮጌ ወታደሮችን ሣልልኝ አለው። ዊልኪ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አልበቃውም፤ ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ የሚያስር ነገር ፈለገ። አገኘም፦ አንዱ ጡረተኛ የዋተርሉን ድል የሚያበስረውን ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ያዘነብላል። መስፍኑም ረቂቁን ሲያይ የዘመኑን ወታደሮች እንዲያበዛ ጠየቀው። እንዲህ ያለው ለውጥ በረቂቅ ላይ ቀላል ነው፤ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ግን የወራት ድካም ያጠፋል። ሥዕሉ በ1822 ለንደን ውስጥ በሠዓሊዎቹ ማኅበር በሮያል አካዳሚ ሲታይ ሕዝቡ እንዳይገፋው ፊቱ አጥር ተደረገለት። ያ ግርግር የተጀመረው በዚያች ረቂቅ ላይ ነው።

ሁሉም ነገር ከዘይት ቀለሙ ጥናት ይጀምራል ብሎ ማሰብ። አይጀምርም። ከሱ በፊት የእርሳስና የቀለም ንድፎች አሉ። ዊልኪ ደግሞ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ሠርቶ ሳጥን ውስጥ እያቆመ ብርሃን ሲያርፍባቸው ያያቸው ነበር። ይሄን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ትንሹን ሁሉ ጥናት ነው ማለት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የዊልኪ ሥዕሎች በሕትመት ብዙ ቦታ ተሰራጭተዋል፤ ከሕትመቱ እያዩ የሚቀዱ ሰዎችም ነበሩ። ጥናት ከሆነ ከመጨረሻው ሥዕል የሚለይበት ነገር አይጠፋም፦ ቦታውን የቀየረ ሰው፣ ከላይ ቀለም ተቀብቶበት ከሥር የሚታይ አሮጌ ክንድ፣ ኋላ የተሰረዘ ወንበር። ከትልቁ ሥዕል ጋር አንድ በአንድ የሚገጥም ከሆነ ግን ተጠራጠሩ።

ስንጥቁን ሁሉ በዕርጅና ማሳበብ። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ሞቅ ያለ ጥቁር ቡናማ ለማግኘት ከሬንጅ የሚሠራ ቀለም ይጠቀሙ ነበር፤ ዊልኪም በተለይ በኋለኞቹ ዓመታት ተጠቅሟል። ይሄ ቀለም በደንብ አይደርቅም፤ ከላዩ ያለው ሲደርቅ እሱ ይንሸራተትና እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ያለ ሥዕል ቤታችሁ ካለ በእርጥብ ጨርቅ እንኳ አትንኩት። ለጥገና ባለሙያ ስጡት።

ከስልክ ላይ አይቶ መፍረድ። ወፍራሙና ስሱ ቀለም ፎቶ ላይ አንድ ይሆናል። የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ከሄዳችሁ ብሔራዊ ጋለሪው ውስጥ የዊልኪ ሥዕሎች አሉ። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ ቅረቡ፣ ከጎን ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ብርሃኑ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ተመልከቱ። ብሩሹ የፈጠነበትና ያመነታበት ቦታ የሚታየው ያኔ ነው።