አዲስ ሮለር ኮስተር «ሊከፈት ነው» ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ወር ሲቀረው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ልጆቹ መልሱን ቀድመው ይዘዋል። አዲስ ሮለር ኮስተር (ከፍ ዝቅ እያለ በሐዲድ ላይ የሚበር የመጫወቻ ባቡር) ሊከፈት ነው የሚል ቪዲዮ ስልካቸው ላይ አለ። ቦዊ አጠገብ የነበረው የመዝናኛ ፓርክ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በኖቬምበር 2025 ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከበድ ብሏል። አሁን ወይ ኪንግስ ዶሚኒየን ወይ ዊሊያምስበርግ ድረስ መንዳት ነው። ደፈር ያለው ኦሃዮ ወይም ኦርላንዶ ይሄዳል። ያ ማለት ከሥራ ፈቃድ መውሰድ፣ ሆቴል መያዝ፣ ብር ማውጣት ነው።

ችግሩ፣ አዲስ ሮለር ኮስተር በተባለለት ቀን ላይከፈት ይችላል። ቢከፈትም ላይሠራ ይችላል። የቤተሰብ ኪስ የሚጎዳው ይህን ካለመገመት ነው። ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቀን እንደ ቀጠሮ መቁጠር

ፓርኮች አዲስ መጫወቻ የሚያስተዋውቁት ብዙውን ጊዜ ግንባታው ገና በጅምር ላይ እያለ ነው። የዓመት ፓስ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባውን ትኬት፣ መሸጥ አለባቸዋ! ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ያለው ቀን የሽያጭ ክፍሉ ምኞት እንጂ የመሐንዲሱ ቃል አይደለም።

ትሮን የተባለውን ሮለር ኮስተር እንውሰድ። ዲዝኒ ወርልድ በ2017 ሲያስተዋውቀው ለ50ኛ ዓመት በዓሉ፣ ማለትም ለ2021 ይደርሳል ተብሎ ነበር። የተከፈተው ግን በኤፕሪል 2023 ነው። አዲስ ፈጠራ ነው እንዳይባል፣ መንታ ወንድሙ ሻንጋይ ላይ ከ2016 ጀምሮ ሰው ሲያሳፍር ነበር።

ለዲሲ አካባቢ ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ዊሊያምስበርግ ቡሽ ጋርደንስ ውስጥ ያለው ፓንቲየን ነው። ለ2020 ተባለ። ኮቪድ መጣ፣ ፓርኩ ተዘጋ። ፓርኩ ቢከፈትም ፓንቲየን እንደቆመ ቀረ። በመጨረሻ ሰው የተሳፈረበት በማርች 2022 ነው። ታምፓ ያለው አይረን ግዋዚ፣ ኦርላንዶ ያለው አይስ ብሬከር፣ ሳንዲዬጎ ያለው ኤምፐረር የዚያው ኩባንያ ናቸው። እነሱም ለ2020 ተብለው ነበር። ሁሉም የተከፈቱት በ2022 ፌብሩዋሪና ማርች ነው። የተጠቀመም አልጠፋም፤ በ2020 ቁመታቸው ያልደረሰ ልጆች በ2022 ደርሰው ተሳፍረዋል።

ሪያድ ያላችሁም ይህን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ቂዲያ ላይ የተሠራው ፋልከንስ ፍላይት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይበራል። የተዋወቀው በ2019 ነው። ያኔ ፓርኩ በ2022፣ ቢዘገይ በ2023 ይከፈታል ይባል ነበር። ፓርኩ በሩን የከፈተው በ2025 የመጨረሻ ቀን ነው። በረሃ መካከል ገደል ላይ የዓለምን ፈጣኑንና ረጅሙን ሐዲድ መገንባት በሦስት ዓመት ያልቃል ብሎ ያመነው ማን እንደሆነ እንጃ።

ቀን ሳይሆን ወቅት ብቻ ከተጻፈ ወቅቱን እስከ መጨረሻው ዘርጉት። «በ2026 ሰመር» ካለ ሴፕቴምበር 20ም ሰመር ነው። ዓመቱን ብቻ ካለ ደግሞ የጁላይ እረፍታችሁን በእሱ ላይ አታንጠልጥሉ።

ሐዲዱ ስላለቀ ሥራውም አለቀ ብሎ ማሰብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጨረሻው የሐዲድ ቁራጭ በክሬን ተሰቅሎ ቡሎኑ ሲጠብቅ ፓርኩ ፎቶ ይለጥፋል። ሠራተኞቹ ብረቱ ላይ ስማቸውን ይፈርማሉ፣ ባንዲራ ይሰቀላል። ሰው ሁሉ «አለቀ እኮ!» ይላል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይህን አያጣውም፤ ሕንፃው ቆሟል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ መብራትና ውሃ ግን የለም።

ቀሪው ሥራ ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ አይታይም። ኬብል ይዘረጋል። ከሐዲዱ ሥር ሴንሰሮች ይተከላሉ። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ የሚጠብቀው ኮምፒውተር ነው። አንዷ ሴንሰር ያለፈውን ባቡር ሳታየው ብትቀር ኮምፒውተሩ አይከራከርም፣ ሁሉንም ያቆማል። አዲስ ሮለር ኮስተር ቶሎ ቶሎ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አደጋ ደርሶ ሳይሆን ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆን ስላልቻለ ይቆማል።

ቀጥሎ ልኬት አለ። የተሳፋሪ እጅና እግር ተዘርግቶ እስከሚደርስበት ድረስ የሰፋ ክፈፍ ባቡሩ ላይ ይገጠማል። ከዚያ ባቡሩ በገመድ ቀስ እየተባለ በሐዲዱ ላይ ይጎተታል። ክፈፉ የነካው ነገር ሁሉ፣ የዛፍ ቅርንጫፍም ይሁን የዋሻ ግድግዳ፣ መነሳት አለበት። ቅርንጫፍ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይቆረጣል። ኮንክሪት ከሆነ ግን የመክፈቻው ቀን አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ባዶ ባቡር ይለቀቃል። ከዚያ ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ሰዎች ወንበሩ ላይ ይታሰራሉ። ውሃ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ክብደቱን መጨመርም መቀነስም ያመቻል። አንዳንዴ አንዱ ይቀደድና ባቡሩ ከላይ ሲወረወር ውሃ እየረጨ ያልፋል። ቪዲዮው ያስቃል፣ መሐንዲሶቹ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያዩት። የተጫነ ባቡር ከባዶው ይፈጥናል፣ ብሬኩም ላይ ይከብዳል። ሁለቱም በመቶዎች የሚቆጠር ዙር ይሮጣሉ።

የአየር ጠባይም አለበት። የእነዚህ ባቡሮች ጎማ የሚለበጠው ፖሊዩሬቴን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሲበርደው ይደርቃል፣ ባቡሩም ፍጥነት ያጣል። አቀበቱን ሳይጨርስ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሁለት ጉብታዎች መካከል ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው በማርች የታቀደ መክፈቻን በጥርጣሬ ማየት የሚያስፈልገው።

ማሽኑ ካለፈ በኋላም ሰዎቹ ይቀራሉ። ባቡሩ ከፍታ ላይ ቢቆም ተሳፋሪን በደረጃው እንዴት እንደሚያወርዱ ይለማመዳሉ። ከዚያ ፍተሻና ርክክብ ይመጣል። ኦሃዮ ውስጥ ይህን የሚፈትሸው የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው። አዎ፣ ግብርና። ፍሎሪዳ ደግሞ ከ1,000 በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ትልልቅ ፓርኮች ከግዛቱ ፍተሻ ነፃ ታደርጋቸዋለች፤ ራሳቸውን በራሳቸው ይፈትሻሉ። ደስ የሚል ሕግ አይመስለኝም፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው።

ስለዚህ ባቡር ሲሮጥበት ሳታዩ ሆቴል አትያዙ። ሲሮጥ ብታዩም የፕላስቲኮቹ ሰዎች ወርደው ሠራተኞቹ ሲሳፈሩበት እስክታዩ ታገሡ።

«ተከፈተ» ማለት «ይሠራል» ማለት ነው ብሎ መደምደም

ሲዳር ፖይንት፣ ኦሃዮ። 128 ሜትር ከፍታ ያለው ቶፕ ትሪል 2 በሜይ 2024 መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር እየተተኮሰ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። ሰው ከየአገሩ መጣ። አንድ ሳምንት አለፍ ሲል ቆመ። ባቡሮቹ መስተካከል አለባቸው ተባለ። ሰመሩ አለፈ፣ ሃሎዊን አለፈ፣ ዓመቱ ሙሉ እንደተዘጋ አለቀ። እንደገና ሰው የጫነው በሜይ 2025 ነው። ለጁላይ 2024 የተዘጋጀ ቤተሰብ ያየው ቢኖር ብረቱን ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ጀርመን ነው። ኑርበርግሪንግ የመኪና ውድድር ሜዳ አጠገብ የተሠራው ሪንግ ሬሰር በ2009 እንዲከፈት ታቅዶ ነበር። በታመቀ አየር የሚተኮስ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በሙከራ መካከል አየሩ ፈንድቶ ሰዎች ተጎዱ። ተስተካክሎ የተከፈተው በ2013 ኦክቶበር 31 ቀን ነው። አራት ዓመት ተጠብቆ አራት ቀን ሠራና ተዘጋ። ዳግም አልተከፈተም።

እየሠራም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ለልጅ አይሆንም። ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል ውስጥ ያለው የሃግሪድ ሞተር ብስክሌት የተባለ ሮለር ኮስተር በጁን 13 ቀን 2019 ሲከፈት ሰልፉ እስከ 10 ሰዓት ደርሷል። አሥር ሰዓት ቆሞ፣ በፍሎሪዳ ሙቀት! በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለጥገና እየተዘጋ እኩለ ቀን ላይ ይከፈት ነበር። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ወር ለወጣቶቹ ቢተው ይሻለዋል። ቢቻል የመጀመሪያውን ዓመትም፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ያው ደስታ በግማሽ ሰልፍ ይገኛል።

«ከዘገየማ አደገኛ ነው» ማለት

ይህን ከእናቶች በብዛት እሰማዋለሁ። «የተበላሸ ነገር ባይኖረው በጊዜው ይከፍቱት ነበር፤ ልጄን አላሳፍርም።» ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ጉድለቱ በሙከራ ላይ ተገኝቶ መክፈቻው መራዘሙ ሙከራው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ለበዓል ይድረስ ተብሎ የተጣደፈው ነው።

ቴነሲ ውስጥ ዶሊውድ ያለው ላይትኒንግ ሮድ ጥሩ ማሳያ ነው። የእንጨት ሮለር ኮስተር ሆኖ አቀበቱን እየተተኮሰ እንዲወጣ ታሰበ። በማርች 2016 ይከፈታል ተብሎ ወደ ጁን ተገፋ። ከዚያም በኋላ ለዓመታት እየቆመ ሲያስቸግር ቆየ። በ2024 ፓርኩ ማስወንጨፊያውን አውጥቶ በሰንሰለት ተካው። ክብሩ ትንሽ ቢቀንስም የሚሠራ ሰንሰለት ከማይሠራ ተኩስ ይሻላል።

ብሩን መጀመሪያ ከፍሎ ጥያቄውን በኋላ መጠየቅ

ትኬቱ የፓርኩ መግቢያ እንጂ የአንዱ መጫወቻ አይደለም። መጫወቻዎች ሳይነገር ሊዘጉ እንደሚችሉ፣ ለዚያም ገንዘብ እንደማይመለስ በደቃቁ ተጽፏል። በሩ ላይ መጣላት ዋጋ የለውም፤ እዚያ የቆመችው ልጅ ሰመር የምትሠራ ተማሪ ናት።

ሆቴሉን እስከ መጨረሻው ቀን መሰረዝ በሚቻልበት ዋጋ ያዙ፤ ጥቂት ዶላር ቢጨምርም። አውሮፕላን የሚጠይቅ ከሆነ አዲሱን ሮለር ኮስተር ከጉዞው ምክንያት አውጡትና «እሱ ባይኖር እንሄድ ነበር ወይ?» በሉ። አይ ከሆነ መልሱ፣ ቆዩ። የዓመት ፓስም እንደዚሁ ነው። ፓስ ያላቸው ከሕዝቡ ቀድመው የሚጋበዙበት ቀን አለ፤ ያ ጥሩ ጥቅም ነው። ሆኖም መክፈቻው ከተራዘመ ግብዣውም አብሮ ይራዘማል፣ የፓሱ ዘመን ግን ላይራዘም ይችላል።

የዩቲዩብ ወሬ ላይ መንጠልጠል

አጥር ላይ ካሜራ ሰቅለው በየቀኑ የሚቀርጹ ልጆች አሉ። ያዩትን ሲያሳዩ ጎበዞች ናቸው፤ ቀን ሲተነብዩ ግን ከእኛ አይሻሉም። የፓርኩ መተግበሪያ ላይ የመጫወቻው ስም ከነመጠበቂያ ሰዓቱ ሲወጣ ያኔ እመኑ። አንዳንዴ ፓርኩ ሳያስነግር ለሙከራ ሰው ያሳፍራል። በዚያ ሰዓት አጠገቡ ከተገኛችሁ እሰየው፤ እሱን ብላችሁ ግን አትሂዱ።

ቁመት ሳይለኩ ቃል መግባት

የቁመት ገደቡ ብዙውን ጊዜ ከመክፈቻው በፊት ይነገራል። ፓንቲየንና ቶፕ ትሪል 2 የሚጠይቁት 132 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሃግሪድና ትሮን 122። ልጁን በዚያ ቀን በሚያደርገው ጫማ ለኩት። ሠራተኛዋ መለኪያዋን ይዛ መግቢያው ላይ ትቆማለች፤ «አንድ ሴንቲ ብቻ ነው፣ ባክሽ» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። መንትያ ያላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ለኩ፤ አንዱ ገብቶ ሌላው የሚቀር ከሆነ መኪና ውስጥ የሚመጣው ጭቅጭቅ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።