ከኡዩኒ እስከ አታካማ፦ በከፍታው በረሃ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከቦሊቪያዋ ኡዩኒ ተነስቶ በጨው ሜዳውና በላጉና ኮሎራዳ ሐይቅ በኩል ወደ ቺሊዋ ሳን ፔድሮ ደ አታካማ የሚያደርሰው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ 3 ቀን ይወስዳል። ኡዩኒ 3,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመንገዱ ላይ ያለው እንፋሎት የሚተፋው ሶል ደ ማኛና ግን 4,800 ሜትር ያልፋል፤ ከራስ ዳሸን ይበልጣል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት

መንስኤው የአየሩ መሳሳት ነው። 4,300 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ደጋ ለምጃለሁ» የሚል አይጠፋም። 2,400 ሜትር መልመድ ትንሽ ይረዳል፤ ዓመታት ዱባይ የኖረ ሰው ግን እሱም የለውም።

ኡዩኒ ሁለት ሦስት ሌሊት እደሩ፤ መጠጥ ይቅር። የከፍታ ሕመም መከላከያውን ዳያሞክስ ሐኪም ካዘዘላችሁ ወደ ከፍታው ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጀምሩ። የኮካ ሻይ ይቀርብላችኋል፤ ጠጡት፣ ግን መድኃኒት ነው ብላችሁ አትተማመኑበት። ራስ ምታቱ ሳይለቅ ከፍ ወዳለ ቦታ ሄዶ ማደር አይሆንም።

የሰከረ ይመስል መንገዳገድ፣ መቃዠት፣ ወይም ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ማጠር

አንጎል አብጧል ወይም ሳንባ ውሃ ቋጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። መፍትሄው በሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው፤ ኦክስጅን ካለ እየሰጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ላጉና ኮሎራዳ ላይ ከሆናችሁ ቺሊ ቅርብ ትመስላለች፤ መንገዱ ግን ከመውረዱ በፊት በሶል ደ ማኛና በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ ድንበሩም ማታ ዝግ ነው። ወደ ኡዩኒ ተመለሱ። ሾፌሩ «ጠዋት እናያለን» ቢል አትስሙት።

መኪናው ጠዋት አልነሳ ሲል

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሮውን ይዘጋል። ፀሐይ እስኪያሞቀው ጠብቁ፤ ማታ ስታቆሙም የሞተሩን ፊት ወደ ምሥራቅ አዙሩት። ዳገት ላይ ጉልበት ካነሰው ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ሞተሩም አየር አንሶታል። ማርሽ ቀንሱ።

ስልክ በድንገት ሲዘጋ

ባትሪውን ብርዱ ነው የሚያደክመው። ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ። ካርታውን ኡዩኒ ሳላችሁ አውርዱ።

ማታ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁር

ከጨው ሜዳው የሚያንጸባርቀው ፀሐይ አቃጥሎታል። አትሹት፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አሳርፉት። በማግስቱ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር አድርጉ።

ምስር አልበስል ሲል

ውሃው 4,300 ሜትር ላይ በ86 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ እንጨት ብትጨምሩም ከዚያ አይሞቅም። ወይ ፕሬሸር ድስት፣ ወይ ፓስታ።